ላጥፋው ወይ?

ሐሙስ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የማስረጃ ማሽኑ አልነሳም አለ።

ስልኬ ሲጠራ የጫማዬን ክር እያሰርኩ ነበር። የደወሉት የማሽን ክፍሉ ሠራተኛ፣ ሰው ሁሉ «እትዬ አራት ነጥብ» የሚላቸው ሴት ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት የጣቢያችን ታይፒስት ሆነው ሲሠሩ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ሳይዘጉ አልፈው አያውቁም፤ ስሙ የወጣላቸው ከዚያ ነው። የጽሕፈት መኪናው ሲቀር የሁለት ሳምንት ሥልጠና ሰጥተን ሊኑክስ በሚባል ፕሮግራም የሚሠራ ኮምፒውተር፣ እኛ «ማሽኑ» የምንለውን፣ አስረከብናቸው። እሳቸውም ባለ ጠንካራ ልባስ ደብተር ይዘው፣ ማሽኑ ያለውን፣ ሰው ያዘዛቸውን፣ እሳቸው ያደረጉትን፣ በሰዓት በሰዓቱ እየመዘገቡ ስድስት ዓመት ያለ እንከን ሠሩ።

«ኢንስፔክተር፣ ማሽኑ ጠቁሯል» አሉኝ።

«ምን ማለት ነው ጠቁሯል?»

«ነጭ ጽሑፍ ያወርዳል፣ ያወርዳል፣ ከዚያ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ሦስቴ አስነሣሁት። ያው ነው።»

የዚያ ክፍል የበላይ ኃላፊ እኔ ነኝ፤ ቁልፉንም ፈርሜ የተረከብኩት እኔ ነኝ። ይህን ከአሁኑ የምናገረው ኋላ «ደብቆን ነበር» እንዳልባል ነው። የደበቅሁት ይበቃኛል።

በዚያ ቀን አራት ሰዓት ላይ አንድ ቪዲዮ ተገልብጦ ለዐቃቤ ሕግ መድረስ ነበረበት። አንድ ባለጋራዥ የተሰረቀ መኪና እየፈታ በመለዋወጫ ይቸረችራል ተብሎ ተይዟል፤ በዓይኔ አየሁ ያለ ምስክር ቃሉን የሰጠው በቪዲዮ ነው፣ ቪዲዮው ደግሞ ያለው እዚያ ማሽን ውስጥ ብቻ። ማሽኑ ሊሞት ቀን ሲመርጥ ያንኑ ጠዋት መረጠ። እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ እኔ አልወድም። አለቃችንም አይወድም።

«አጋጣሚ ነው እንዳትለኝ» አለኝ አለቃው፣ ገና በሩን ሳልዘጋ። «ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ያጠፋው ሰው ስም እዚህ ጠረጴዛ ላይ ይሁን። ማስረጃ ማጥፋት ቀላል ወንጀል አይደለም። ማንም ይሁን ማን፣ ክስ ይመሠረትበታል።»

«ይሆናል» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

የማሽን ክፍሉ ሦስት ሜትር በአራት ነው። አንድ መስኮት በፍርግርግ፣ አንድ በር፣ አንድ ቁልፍ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ማሽን ተቀምጧል። አንዱ ከሁለት ወር በፊት የመጣው አዲሱ ነው፤ የሞተው እሱ ነው። ሌላው ከሱ በፊት ስንጠቀምበት የነበረው አሮጌው ነው፤ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ ክፍሉንም ያግላል። ያን ጠዋትም ያጉረመርማል። ይሄ ነገር እስካሁን አልጠፋም እንዴ፣ ብዬ በውስጤ ተነጫነጭኩና አለፍኩት።

እትዬ አዲሱን አስነሥተው አሳዩኝ። ስክሪኑ በራ፣ የጽሑፍ መዓት ወረደ፣ መጨረሻ ላይ ሦስት አራት መስመር ጽፎ ቆመ። ኪቦርዱን ብንመታው አይሰማ፣ ብንለምነው አይሰማ።

«ምን ነው የሚለው?»

«መነሻዬን አጣሁት ነው የሚለው» አሉ። ደብተራቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋል። አንድ ነገር ሊሉኝ አፋቸውን ከፈቱ፤ እኔ ግን የበሩን መዝገብ ለማየት ወጥቼ ነበር።

መዝገቡ ላይ በዚያ ጠዋት ከእትዬ በፊት ሁለት ስም ብቻ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ፦ ጥበቃው። አንድ ሰዓት ተኩል፦ ኤሌክትሪሻኑ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ላይ ራሳቸው እትዬ።

ጥበቃውን አስጠራሁት። ግዙፍ ሰው ነው፤ ሲቀመጥ ወንበሩ አቃሰተ።

«ማሽን ክፍል ምን ልታደርግ ገባህ?»

«ስልኬን ቻርጅ ላደርግ።»

«ሌላ ሶኬት ጠፍቶ?»

«ጌታዬ፣ የዚህ ግቢ ሶኬት ሁሉ ልቅ ነው። ጠበቅ አድርጎ የሚይዘው የዚያ ክፍል ብቻ ነው። ለተረኛው ሁሉ ቁልፍ የሚሰጠው ለዚህ ነው፣ እርስዎ ብቻ ነዎት የማያውቁት።»

«ባለጋራዡ ምንህ ነው?»

ፊቱ ልውጥ አለ። «የአክስቴ ልጅ ነው።»

ያዝኩህ፣ አልኩ በሆዴ። «የአክስትህ ልጅ! ይሄን ለማን ልትነግር ነበር?»

«ለማንም። አፍሬ ነው።» ተነሥቶ ሊቆም ምንም አልቀረው። «ግን ለሱ ብዬ ማሽን አላበላሽም! ሞተር ብስክሌቴን አስተካክልልኝ ብዬ ሰጥቼው፣ የኔን ካርቡሬተር ነቅሎ የሌላ ሰው አሮጌ ከቶልኝ፣ ይኸው ዓመቴ በእግሬ ስሄድ። ሃያ ዓመት ቢፈርዱበት ደስታዬ ነው።»

የኮሪደሩን ካሜራ አየሁ። ጥበቃው ቻርጀሩን በጣቱ እያሽከረከረ ይገባል፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ይወጣል። ሶኬቱም የማሽኑ አልነበረም። ያን ሰው ለቀቅሁት፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅሁትም። ያኔ ይቅርታ መጠየቅ የሚባል ነገር ለኔ ደረጃ የሚመጥን አይመስለኝም ነበር።

ቀጥሎ ኤሌክትሪሻኑ ገባ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ።

«መብራት ያጠፋኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። የተቃጠለ ብሬከር ለመቀየር፣ ለሃያ ደቂቃ።»

«ማን ፈቀደልህ?»

ከቦርሳው አንድ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣ። «እርስዎ ነዎት የፈረሙት። ማሽኖች አስቀድመው በሥርዓት ይዘጉ ይላል ሁለተኛው አንቀጽ። ደብዳቤው ከደረሰዎት ሳምንት ሆኖታል።»

ፊርማው የኔው ነው፤ ጭራውን ከማንም ጋር አላምታታውም። ሳላነብ ፈርሜ ነበር። «ይሁን» አልኩና ወረቀቱን መለስኩለት። መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ያቆይ የነበረው ባትሪም ከሞተ ቆይቷል። እንግዲህ መብራት ሲጠፋ ማሽኑ አብሮ ጠፍቷል፤ መብራት ሲመጣ ግን አልነሣም። ሊገድለው የሚችል እውቀት ያለው፣ ቁልፍ የያዘ፣ በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው አንድ ብቻ ቀረ።

እትዬን ያስገባሁት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። አለቃው ራሱ ሊሰማ መጥቶ ጥጉ ላይ ተቀምጧል። በሰባት ወር ውስጥ ጡረታ የሚወጡ፣ ልጆቼን በስም የሚጠሩ፣ ስድስት ዓመት «እርስዎ» ስላቸው የኖርኩ ሴት ናቸው። አለቃዬ ፊት ግን ጠንካራ መስዬ ልታይ ፈለግሁ። ቁጭ ካሉበት ጀምሮ «አንቺ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ።

ደብተራቸውን ተቀብዬ የሐሙስን ገጽ ገለጥኩ። «2:00። ከፈትኩ። 2:05። አስነሣሁ፣ እምቢ አለ። 2:15። ለኢንስፔክተር ደወልኩ።» ሌላ ገጽ አላየሁም። ወንጀሉ የተፈጸመው ሐሙስ ነው ብዬ ደምድሜያለሁ፤ የሌላው ቀን ምን ያደርግልኛል?

«ይህን ማሽን ሌላ ሰው ነክቶታል?»

«የለም። ከኔ በቀር የሚነካው የለም።»

«እንግዲያው በአጭሩ ንገሪኝ። አጥፍተሻል ወይስ አላጠፋሽም?»

እጃቸውን ጭናቸው ላይ አቆላለፉ። «አጥፍቻለሁ» አሉ።

አለቃው ከወንበሩ ቀና ሲል ሰማሁት። ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ይህን መናገር ምን ያህል እንደሚያሳፍረኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

«ማን አዘዘሽ?»

እትዬ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ወደ አለቃው ዘወር አሉና መልሰው ወደኔ። «እርስዎ ያውቃሉ» አሉ በቀስታ።

«እኔ ባውቅ አንቺን አልጠይቅም!» ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት። «ባለጋራዡ ነው? በማን በኩል ነው ያገኘሽ?»

«ባለጋራዥ የሚባል ሰው አላውቅም» አሉ። እኔም «ማጥፋቷን አምናለች» ብዬ በገዛ እጄ ጽፌ አስፈረምኳቸው። ሲፈርሙ፣ እኔ የረሳሁትን አራት ነጥብ ጨመሩበት።

ካቴና አያስፈልግም ነበር። የት ይሮጣሉ? ግን አስገባሁባቸው፣ ያውም ኮሪደሩ ላይ፣ ትልቁ ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ እያየ። አንዲት ወጣት ጸሐፊ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ጥበቃው ቆቡን አወለቀ። እትዬ የሹራባቸውን እጅጌ ካቴናው ላይ ሊያወርዱ ሞከሩ፤ አልደረሰላቸውም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ባለቤታቸው መጡ። ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ መነጽርና የደም ግፊት ኪኒን በትንሽ ፌስታል ይዘዋል።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይህችን አቀብልልኝ። ካለ መነጽር አታይም። ምን አድርጋ ነው?»

«ምርመራ ላይ ነው አባት። ይጠብቁ» አልኳቸውና ፌስታሏን ተቀብዬ አግዳሚው ወንበር ላይ ተውኳቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ። በፊታቸው ሁለቴ አለፍኩ፣ ሁለቴም ስልክ የማወራ መስዬ።

ዓርብ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከቴክኒክ ኮሌጅ አንድ መምህር መጣ። የጠራሁት ወንጀለኛ እንዲፈልግልኝ አይደለም፤ እሱን አግኝቻለሁ። ከሬሳው ውስጥ ቪዲዮውን ያወጣልን እንደሆነ ብዬ ነው። ጠጉሩ የተንጨባረረ፣ ከሰው ይልቅ ከማሽን ጋር የሚያወራ ሰውዬ ነው።

«እስቲ አንተ፣ ምን ሆነህ ነው?» አለው ማሽኑን። ፍላሽ ሰካበትና በፍላሹ አስነሣው። ጥቂት ትእዛዝ ጻፈ። ከዚያ ሳቅ አለ።

«ምኑ ነው የሚያስቀው?»

«ደህና ነው። ፋይሎቻችሁ ሁሉ አሉ። ቪዲዮው ይኸው።» ስክሪኑ ላይ ምስክሩ ጉሮሮውን ሲጠርግ አየሁት። «እዚህ ማሽን ውስጥ ከማስረጃ አንዲት ፍሬ አልጠፋችም።»

ክው አልኩ። «ታዲያ ለምን አይነሣም?»

«ማሽን ሲነሣ መጀመሪያ የሚያነበው አንድ ፋይል አለ፣ ከርነል ይባላል። እሱ የሚቀመጥበት ክፍል ጠባብ ነው፤ እናንተ ጋ ሞልቷል። አዲስ ከርነል ሲገባ ቦታ አጥቶ ግማሹ ውጭ ቀርቷል። የሚሠራው አሮጌው ነበር፤ አሮጌውን ደግሞ ሰው አጥፍቶታል። ግማሽ አዲስ ብቻ ቀረ። በግማሽ ደግሞ አይነሣም።»

«ትናንት ጠዋት አጠፋችው ማለት ነው።»

«ኧረ ትናንት አይደለም» አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ። «አንዴ የተነሣ ማሽን ከርነሉን አንብቦ ጨርሷል፤ ፋይሉን ብታጠፋበትም አይታወቀውም፣ እየሠራ ይቀጥላል። የሚያውቀው ጠፍቶ ሲነሣ ነው። ትናንት መብራት ባይጠፋ ኖሮ ዓመትም ይቆይ ነበር። መዝገቡ ይኸው፦ የተሰረዘው ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ፣ ሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ።»

ጣቴን አጥፌ ቆጠርኩ። ምስክሩ ቃሉን የሰጠው በማግስቱ ሳይሆን በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ነው። ባለጋራዡ የተያዘው ደግሞ የዚያው ሳምንት ሐሙስ። ሰኞ ዕለት የሚጠፋ ማስረጃም፣ የሚያጠፋበት ምክንያት ያለው ሰውም አልነበረም። የሰበሰብኩት የሐሙስ ጠዋት ሰዓት ሁሉ፣ ማን ገባ ማን ወጣ ያልኩት ሁሉ፣ ከንቱ ሆነ።

«ግን ይገርማል» አለ መምህሩ፣ «እየሠራ ያለውን ልታጠፋ ስትል ማሽኑ ራሱ ያስጠነቅቃል። እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሰው ካላዘዛት እንዴት ደፍራ...»

ደብተሩ ቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ ነበር። በሩን ዘግቼ የሰኞን ገጽ ገለጥኩ። የታይፕ የመሰለ ቀጥ ያለ የእጅ ጽሕፈት።

«4:05። የማስነሻው ቦታ ሞልቷል አለ። አሮጌውን ከርነል ላነሣ ስል፣ ይህ ገና እየሠራ ነው፣ እርግጠኛ ነህ? ብሎ ጠየቀ። ሲያስጠነቅቅ ብቻዬን አልወስንም።

4:17። ለኢንስፔክተር ደወልኩ። እኔ፦ አሮጌው ገና እየሠራ ነው፤ ላጥፋው ወይ? እሳቸው፦ ያጥፉት እንጂ! አዲሱ አለ አይደል?

4:20። በታዘዝኩት መሠረት አጠፋሁ።»

ትዝ አለኝ። ሰኞ ረፋድ፣ መኪና ውስጥ፣ ሹፌሩ መንገድ ተሳስቶ ስጮህበት ነበር ስልኩ የጠራው። እትዬ «ስለ ማሽኑ ነው» አሉኝ፤ «አሮጌው ገና እየሠራ ነው» አሉኝ። እኔ የታየኝ ያ ጠረጴዛ ላይ እንደ ወፍጮ የሚጮኸው አሮጌ ማሽን ነው። ምን አሮጌ? ብዬ አልጠየቅሁም። ሌላ ቃል ሊጨምሩ ሲሉ ዘጋሁባቸው።

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ያጠፋሁት እኔ፣ ያሰርኩት እኔ፣ «አጥፍቻለሁ» ያሉኝን ጥፋት አድርጌ የጻፍኩት እኔ። «እርስዎ ያውቃሉ» ሲሉኝ እውነታቸውን ነበር። ጆሮዬ እስኪግል ድረስ አፈርኩ።

አሁን ደግሞ ከዚህ የባሰውን ልናገር። ደብተሩን ዘጋሁት። ይህን ገጽ ከኔ በቀር ያነበበ የለም፣ ብዬ አሰብኩ። መምህሩ የሚያውቀው ቀኑን እንጂ ስልኩን አይደለም። «ቴክኒካዊ ብልሽት» ብዬ ብጽፍ እትዬ ይፈታሉ፣ አለቃው ይረካል፣ የኔም ስም አይነሣም። አምስት ደቂቃ ያህል እንዲህ እያሰብኩ ተቀመጥኩ። ሰዓቴን ሳይ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ስድስት ሰዓት ላይ የእትዬ መዝገብ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።

ማረፊያ ክፍሉን ራሴ ከፈትኩት። እትዬ ብርድ ልብሱን አጣጥፈው፣ ጫፍ ከጫፍ አስተካክለው፣ አጠገቡ ተቀምጠዋል። ስገባ ተነሡ። ለኔ ተነሡልኝ።

«እትዬ፣ ይቀመጡ» አልኩ። «እርስዎ» ለማለት ምላሴ ከበደው። «የሰኞውን ገጽ አነበብኩት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለምን አልነገሩኝም? አንድ ቃል ቢሉ...»

«አለቃው ፊት?» አሉ፣ እንደ መገረም ብለው። «የበታቾች ፊት፣ የበላይ ፊት፣ አዝዘውኛል ብዬ ላሳጣዎት? ይሉኝታ ያዘኝ። ደግሞ ብቻችንን ስንሆን ራስዎ ያስታውሱታል ብዬ ነበር።»

«ብቻችንን አልሆንንም» አልኩ።

«አልሆንንም» አሉ። ቆጣ አላሉም፤ ቢቆጡኝ በወደድኩ። «ባለቤቴ ኪኒኔን አምጥቶ ነበር?»

ፌስታሏ እስከዚያ ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ ነበረች። አልሰጠኋቸውም። ሮጬ አመጣሁላቸው፣ ውሃም ቀዳሁላቸው፤ ከዚያ በላይ የማደርገው ጠፋኝ።

የመፍቻውና የምርመራው ማጠቃለያ ደብዳቤ መጻፍ ነበረበት። ወጣቷ ጸሐፊ ልትተይበው ስትቀመጥ ሁለቴ ተሳሳተች። እትዬ «ተነሺ የኔ ልጅ» አሏትና ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጣቶቻቸውን ኪቦርዱ ላይ አሳረፉ። ትልቁ ቢሮ ሙሉ ነው። ጥበቃው በሩ ላይ፣ መምህሩ ፍላሹን በኪሱ ከትቶ፣ ሽማግሌው ባለቤታቸው አግዳሚው ላይ። አለቃውም ድምፅ ሰምቶ ከቢሮው ወጥቶ ቆሟል።

«ይበሉ» አሉኝ።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «የማስረጃ ማሽኑ ያልተነሣው በቴክኒክ ምክንያት መሆኑ በባለሙያ ተረጋግጧል።»

ተክ ተክ ተክ፣ ጻፉት።

«በተሰጠ የስልክ ትእዛዝ መሠረት አንድ ፋይል ጠፍቶ ነበር።»

ጻፉት።

«የማሽን ክፍሉ ሠራተኛም በስሕተት ታስረው ነበር።»

ጣቶቻቸው ቆሙ። ያስገቧቸውን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በቀስታ አነበቡ፣ ሦስተኛውንም ከአፌ እንደወጣ ደገሙት። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ፊታቸው ላይ ቂም አልነበረም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ያስጻፋቸውን ሲያርሙ የኖሩ ሰው ፊት ነበር።

«እነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ባለቤት የላቸውም፣ ኢንስፔክተር» አሉ። «ትእዛዙን ማን ሰጠ? ማን አሰረ? ማን ብዬ ልጻፍ?»

አለቃው እኔን አየ። ሽማግሌው አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ።

«እኔ» አልኩ። ድምፄ ከአፌ ሳይርቅ ቀረ።

«አልሰማሁም።»

«እኔ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ «እኔ አዘዝኩ፣ እኔ አሰርኩ»፤ እትዬም ከነማዕረጌና ከነሙሉ ስሜ፣ ፊደል ሳያዛንፉ፣ ጻፉት።